ስለ ተወዳዳሪዎችና ስለ ፖለቲካ ፓርቲዎች

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ ስለ ምርጫ ነው። ስለ ምርጫ በተነገረ ጊዜ ሁሉ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው የመራጩ ግዴታ ነው፤ መራጩ ካርዱን በጊዜው እንዲያወጣ፣ በቀኑም ተሰልፎ ድምፁን እንዲሰጥ ይመከራል። ምክሩ መልካም ነው። ነገር ግን መራጭ ብቻውን ምርጫን ምርጫ ሊያደርገው አይችልም። ሰው የሚመርጠው ከሁለት ወይም ከዚያ ከበለጡ ነገሮች መካከል ስለ ሆነ፣ ምርጫ የሚባለው የሚወዳደር ሰውና የሚወዳደር ሐሳብ ሲኖር ብቻ ነው። ስለዚህ ዛሬ ወደ ተወዳዳሪዎቹና ወደ ፖለቲካ ፓርቲዎቹ ዞር ብዬ፣ በመጨረሻም በመራጩና በተመራጩ መካከል ስለ ቆመው ስለ መንግሥት ሠራተኛው ጥቂት ቃል ለመናገር አስቤአለሁ። ምሳሌዎቼንም በተቻለኝ መጠን ከጎንደር ከተማና ከሰሜን ጎንደር ደጋ እወስዳለሁ።

ጎንደር ሥልጣን ምን እንደ ሆነ አጥብቆ የሚያውቅ አገር ነው። ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ ከተማቸውን በዚያ ከቆረቆሩ ጀምሮ በብዙ ትውልድ ዘመን ሹመት ከግቢ ይወርድ ነበር እንጂ ከሕዝብ አይወጣም ነበር። ሹሙ የሚያመሰግነው የሾመውን፣ የሚፈራውም የሚሽረውን ነበረ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት የተወለደው እንደዚህ ባለ ሥርዓት ውስጥ ነው። ተሿሚው ለሕዝቡ መልስ የሚሰጥበት መንገድ ስላልነበረ፣ ሹመቱን እንደ አደራ ሳይሆን እንደ መከር ጊዜ ይቆጥረው ነበር። ምርጫ የሚባለው ነገር የመጣው ይህን አካሄድ ለመገልበጥ ነው፤ ይኸውም ሻሪው ከላይ ሳይሆን ከታች እንዲሆን ነው።

ወደዚህ ለመድረስ የተሄደው መንገድ ረጅም ነው። በሐምሌ ወር 1923 ዓ.ም. የተሰጠው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤትን አቋቋመ፤ ነገር ግን ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ በሚል ምክንያት አባሎቹን የሚመርጡት መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ነበሩ። በጥቅምት 1948 ዓ.ም. የታወጀው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ግን ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ ሁሉ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ እንደራሴውን ራሱ እንዲመርጥ ፈቀደ። አገሩ በተቻለ መጠን 200,000 ነዋሪ ባላቸው የምርጫ ወረዳዎች እንዲከፈልና እያንዳንዱ ወረዳ ሁለት እንደራሴ እንዲልክ፣ ነዋሪዋ ከ30,000 የበለጠ ከተማም የራሷ እንደራሴ እንዲኖራት ተደነገገ። በዚያው የመጀመሪያ ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ተወዳድረው በማሸነፍ በአገራችን ፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ከዚያ በኋላም በየአራት ዓመቱ እየተመረጠ፣ በ1966 ዓ.ም. አብዮት እስኪፈነዳ ድረስ ምርጫው አምስት ጊዜ ተካሂዷል።

በዚያ ዘመን ግን ሁለት ነገር ጎድሎ ነበር። አንደኛው፣ ለመወዳደር በምርጫ ወረዳው ውስጥ ንብረት ያለው ሰው መሆን ያስፈልግ ነበር፤ ስለዚህ ድሀው ይመርጣል እንጂ አይመረጥም። ሁለተኛው ደግሞ የፖለቲካ ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም። ከያኔው በጌምድርና ሰሜን ጠቅላይ ግዛት ተመርጦ አዲስ አበባ የሚገባው እንደራሴ የሚወክለው ስሙን፣ ዘመዱንና ርስቱን ነበረ። ስለ መንገድ ወይም ስለ ትምህርት ቤት አቤት ሊል ይችላል፤ ነገር ግን በአንድ ሐሳብ ተባብረው አብረውት የሚቆሙ፣ ያንንም ሐሳብ አስቀድመው ለሕዝብ ያስታወቁ ባልንጀሮች የሉትም። ሚኒስትሮቹንም የሚሾሟቸው ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። «ከአንድ ብርቱ፣ ሁለት መድኃኒቱ» ይባላል። የፓርቲ ጥቅሙ በዚህ ይታያል፤ የተበተነውን የብዙ ሰው ፍላጎት ሰብስቦ፣ «ብትመርጡን ይህን እናደርጋለን» ብሎ በስሙ ይፈርማል፤ ያላደረገም እንደ ሆነ በአምስተኛው ዓመት በዚያው ስሙ ይጠየቃል።

ፓርቲዎች በአገራችን በግልጽ ሲወጡ ግን የተገናኙት በኮሮጆ ፊት ሳይሆን በጦር ሜዳ ነበረ። የጎንደር ሰው ይህን ከማንም ይበልጥ ያውቃል። ከአብዮቱ በኋላ ኢዲዩ በመተማና በሑመራ በኩል፣ ኢሕአፓም በከተማና በገጠር ከደርግ ጋር ተዋግተዋል። ወጣቱ አለቀ፤ ቤት ተዘጋ፤ እናት ጥቁር ለበሰች። ከዚያ በመስከረም 1977 ዓ.ም. ኢሠፓ ብቸኛው ፓርቲ ሆኖ ተመሠረተ። በሰኔ 1979 ዓ.ም. 835 መቀመጫ ለነበረው ብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ ተደረገ። ለአንድ ወንበር ከአንድ የበለጠ ዕጩ ሊቀርብ ቢችልም፣ ዕጩዎቹ ሁሉ የወጡት ከአንድ ጓዳ ነበረ። ሰውየው ይለያይ ይሆናል፤ ሐሳቡ ግን አንድ ነው። ያ ሸንጎ አራት ዓመት ሳይሞላው ከሥርዓቱ ጋር አብሮ ፈረሰ።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት የብዙ ፓርቲዎችን ውድድር ፈቀደ። የመምረጫ ዕድሜ 18 ዓመት ሆነ፤ የንብረት ግዴታም ቀረ። የተወካዮች ምክር ቤት 547 ወንበሮች ሲኖሩት፣ ከእነዚህ 138ቱ የአማራ ክልል ናቸው። በየምርጫ ክልሉ ከተወዳዳሪዎቹ መካከል ብዙ ድምፅ ያገኘው ያሸንፋል፤ በምክር ቤቱም አብላጫ ወንበር ያገኘው ፓርቲ ወይም የተጣመሩ ፓርቲዎች መንግሥት ይመሠርታሉ። እዚህ ላይ አድማጮቼ እንዲያስተውሉልኝ የምፈልገው ነገር አለ። ይኸው ሕገ መንግሥት በ54ኛው አንቀጽ፣ እንደራሴው የመላው ሕዝብ ወኪል እንደ ሆነ፣ የሚገዛውም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው እንደ ሆነ፣ የመረጠውም ሕዝብ እምነት ባጣበት ጊዜ ከወንበሩ ሊያነሣው እንደሚችል ይደነግጋል። ስለዚህ ተወዳዳሪ ሁለት ፊት አለው፤ በአንድ በኩል የፓርቲው ሰው ነው፣ በሌላ በኩል የራሱ ኅሊና ያለው ሰው ነው። መራጭም ሁለቱንም ሊመዝን ይገባዋል።

የሰሜን ደጋ ገበሬ ግን ሁለቱንም ለመመዘን ቀላል አይሆንለትም። የጎንደርን ከተማ ትታችሁ በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ሂዱ፤ ከዚያም ወደ ጃናሞራና ወደ በየዳ ተሻገሩ። ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የቆመው በዚያ ነው። በዚያ ገደልና ብርድ መካከል ለሚኖር ሰው ተወዳዳሪው ብዙ ጊዜ በወረቀት ላይ የታተመ ምልክት ነው። ኢሕአዴግ ለብዙ ዘመን ምልክቱ ንብ ነበረ፤ በ1997 ዓ.ም. ቅንጅት በሁለት ጣት ቀረበ፤ በ2013 ዓ.ም. ብልጽግና አምፖልን ይዞ መጣ። ስሙም እንዲሁ ይለዋወጣል። በ1973 ዓ.ም. ኢሕዴን ተብሎ የተመሠረተው ድርጅት በ1986 ዓ.ም. ብአዴን፣ በ2011 ዓ.ም. አዴፓ ተባለ፤ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ከሌሎች ጋር ብልጽግና ውስጥ ገባ። ስም መለወጥ ነውር አይደለም፤ መራጩ ግን ስሙ ሲለወጥ ከአሠራሩም ምን እንደ ተለወጠ ቢጠይቅ የሚቆጣው ሊኖር አይገባም።

አሁን ወደ ንግግሬ ዋና ነገር እመጣለሁ። ይኸውም ምርጫ ለአሸናፊው ብቻ ሳይሆን ለተሸናፊውም ቦታ ሊኖረው ይገባል የሚል ነው።

የ1997ቱን ምርጫ አስታውሱ። ተወዳዳሪዎቹ በመንግሥቱ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ፊት ለፊት ተከራከሩ፤ ሕዝቡም ሥራውን አቁሞ አዳመጠ። ግንቦት 7 ቀን ሕዝቡ ከንጋት ጀምሮ ተሰለፈ። በመጨረሻው ቆጠራ ኢሕአዴግ 327፣ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52 ወንበሮች እንዳገኙ ተገለጠ፤ በአዲስ አበባ 23ቱንም የምክር ቤት ወንበሮች ቅንጅት ወሰደ። በዚያ ቢቆም ኖሮ ለአገራችን ታላቅ ትምህርት በሆነ ነበር። ነገር ግን በውጤቱ ላይ ክርክር ተነሣ፤ ክርክሩንም ሁለቱ ወገኖች አምነው የሚቀበሉት ዳኛ አልተገኘም። የተቋቋመው አጣሪ ጉባኤ እንዳረጋገጠው በሁከቱ 193 ሰዎችና 6 ፖሊሶች ሞቱ። ከተመረጡትም አንዳንዶቹ በወንበራቸው ሳይቀመጡ ቀሩ፤ መሪዎቻቸውም ታሰሩ።

ከዚያ በኋላ ምክር ቤቱ ጸጥ አለ። በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ ከ547 ወንበሮች 545ቱን አገኙ። በግንቦት 2007 ዓ.ም. ደግሞ 547ቱንም ወሰዱ። በወረቀት ላይ ሲታይ በመላው ኢትዮጵያ የሚቃወም ሰው የለም ማለት ነው። ታዲያ ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ብቻ ቆይቶ፣ ሐምሌ 24 ቀን 2008 ዓ.ም. የጎንደር ከተማ አደባባይና ጎዳና በሰልፈኛ ሞላ። ያ ሁሉ ሰው ባንድ ሌሊት አልተወለደም። በምርጫው ጊዜም ነበረ፤ ሐሳቡም ቅሬታውም ነበረ፤ ያጣው በምክር ቤት የሚናገርለት ሰው ነው። በምክር ቤት ያልተሰማ ድምፅ በአደባባይ ይሰማል። በአደባባይም ካልተሰማ ወዴት እንደሚሄድ የጎንደር ተራሮች ያውቃሉ። እንግዲህ ተቃዋሚ በምክር ቤት መቀመጡ ለገዢው ወገን ጉዳት ሳይሆን ጥቅም ነው፤ ሕመሙ ሳይጸና አስቀድሞ ይነግረዋልና።

በ2013 ዓ.ም. ሰኔ 14 ቀን እንደገና ምርጫ ተደረገ። ሰኔና ሰኞ የተገናኙበት ቀን ነበረ፤ ገበሬው እርሻውን ትቶ ወጣ። በጸጥታ ጉድለትና በሌላም ምክንያት በብዙ ስፍራ ድምፅ አልተሰጠም፤ በትግራይም ከነጭራሹ አልተደረገም። ውጤቱ ሲገለጥ ከ436 ወንበሮች ብልጽግና 410ሩን፣ አብን 5፣ ኢዜማ 4 አገኙ፤ ለሌሎችና ለግል ተወዳዳሪዎችም ጥቂት ደረሰ። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ሆኖም ከባዶ ይሻላል። ዋናው ጥያቄ ግን የቁጥሩ ማነስና መብዛት ሳይሆን፣ እነዚያ ጥቂቶች ሲናገሩ የሚሰማ ጆሮ መኖሩ ነው።

አሁን ደግሞ በዚያው በ2013 ዓ.ም. ምርጫ ወዳደረገች ሩቅ አገር ልውሰዳችሁ። በሰላማዊው ውቅያኖስ ውስጥ ሳሞአ የምትባል የደሴቶች አገር አለች። የሕዝቧ ብዛት 200,000 ያህል ሲሆን፣ በ1948ቱ ሕገ መንግሥታችን አንድ የምርጫ ወረዳ የሚባለውን ያህላል። ባህሏ ከእኛ የቀድሞ ሥርዓት ጋር የሚመሳሰልበት ነገር አለው። በአገሯ ልማድ መሠረት በየቤተ ዘመዱ «ማታይ» የሚባል የማዕረግ ስም የተሰጠው አለቃ አለ። እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ በአብዛኛው የሚመርጡት እነዚህ ባለ ማዕረጎች ብቻ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ ለአካለ መጠን የደረሰ ሁሉ ይመርጣል፤ የሚወዳደረው ግን አሁንም ባለ ማዕረጉ ነው።

በዚያች አገር «የሰብአዊ መብት ጥበቃ ፓርቲ» የተባለው ወገን ለአርባ ዓመት ጥቂት ፈሪ ለሆነ ዘመን፣ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ተቋርጦ፣ ገዝቷል። መሪው ቱይላኤፓ ሳይሌሌ ከ22 ዓመት በላይ በጠቅላይ ሚኒስትርነት ቆይተዋል። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ግን «ፋስት» የተባለ አዲስ ፓርቲ ተነሣና ከ51 ወንበሮች እርሱ 25፣ ነባሩም 25 አገኙ። የቀረው አንዱ የግል ተወዳዳሪ ነበረ፤ እርሱም ወደ አዲሱ ፓርቲ አዘነበለ። ነገሩ በዚህ አላለቀም። ተጨማሪ ወንበር መኖር አለመኖሩ አከራከረ፤ የምክር ቤቱም በር ተቆለፈ፤ አዲሶቹ ተመራጮች በግቢው ድንኳን ተክለው መሐላቸውን ፈጸሙ። ወራት የፈጀ ክርክር ሆነ። ነገር ግን ሁለቱም ወገኖች በመጨረሻ ወደ ዳኛ ሄዱ፤ በሐምሌ ወር የይግባኙ ፍርድ ቤት ፈረደ፤ የተፈረደባቸውም ወጡ። ወይዘሮ ፊያሜ ናኦሚ ማታአፋ በአገሪቱ የመጀመሪያዋ ሴት ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ደግሞ እርሳቸውም በተራቸው ተሸነፉ። የሳሞአ ሰዎች ከእኛ የተለዩ ቅዱሳን አይደሉም፤ በራቸውን ቆልፈው እንደ ነበረ ሰምታችኋል። ያዳናቸው ሁሉም የሚያምነው ዳኛና የዳኛውን ቃል የሚያከብር ተሸናፊ መኖሩ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ እናንተ ወደ መንግሥት ሠራተኞች እመለሳለሁ። «ይህ የፖለቲከኞች ነገር ነው፤ እኛ ምን አገባን?» የሚል ቢኖር፣ ነገሩ ከማንም ይልቅ እርሱን እንደሚነካ ላስረዳው።

በደባርቅ ወይም በአምባ ጊዮርጊስ በአንድ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ተቀምጣችኋል እንበል። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከሩቅ ቀበሌ ገስግሶ፣ ስለ ማዳበሪያ ወይም ስለ መሬት ደብተሩ ጉዳይ ሊጠይቅ ይመጣል። ጉዳዩን ከጨረሰ በኋላ ጎንበስ ይልና፣ «ልጄ፣ አንተ የተማርህ ነህ፤ ለመሆኑ ማንን ብመርጥ ይሻለኛል?» ይላል። ጥያቄው የዋህ ይመስላል። ሽማግሌው ግን የሚጠይቀው ምክር ብቻ አይደለም፤ «ለማዳበሪያዬና ለመሬቴ የሚበጀኝ የቱ ምልክት ነው?» ማለቱ ነው። ያ ሠራተኛ አንዱን ምልክት ቢጠቁመው፣ ምንም እንኳ በቅን ልቡ ቢሆን፣ የመንግሥትን ማኅተም በአንድ ፓርቲ ወረቀት ላይ እንደ መምታት ይቆጠራል። ሊመልስለት የሚገባው ቃል፣ «አባቴ፣ እርስዎ የማንንም ምልክት ቢመርጡ ደብተርዎ ደብተርዎ ነው፤ ማዳበሪያውም በተራዎ ይደርስዎታል። ድምፅዎን በምሥጢር ይሰጣሉ፤ እኔም ማንን እንደ መረጡ አልጠይቅዎትም» የሚል ነው። ይህን አንዲት ቃል ሰምቶ የተመለሰ ገበሬ ከብዙ ስብሰባ ይልቅ ስለ ነፃ ምርጫ ተምሯል።

የመንግሥት ሠራተኛ ዜጋ አይደለም ማለቴ ግን አይደለም። ሕገ መንግሥቱ ለዜጋ ሁሉ የሰጠው የመምረጥና የመመረጥ መብት ለእርሱም ነው። የሚወደው ፓርቲ ሊኖረው ይችላል። መለየት ያለበት መብቱንና ወንበሩን ነው። የመሥሪያ ቤቱ መኪና፣ የመሥሪያ ቤቱ አዳራሽ፣ የሥራ ሰዓቱና ማኅተሙ የግብር ከፋዩ ገንዘብ ናቸው፤ ከግብር ከፋዩም መካከል የሁሉም ፓርቲ ደጋፊ አለ። ለአንዱ ፓርቲ የተፈቀደ አዳራሽ ለሌላውም በዚያው ደንብ ሊፈቀድ ይገባል። በምርጫ አስፈጻሚነት የተመደበ እንደ ሆነ ደግሞ አደራው ይከብዳል። ድምፁ በጣቢያው ውስጥ በተወዳዳሪዎቹ ወኪሎችና በታዛቢዎች ፊት እንዲቆጠር፣ ውጤቱም በዚያው በጣቢያው እንዲለጠፍ የተደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። በየዳ ላይ የተለጠፈች አንዲት ወረቀት በጎንደርና በአዲስ አበባ ከሚነገረው ቁጥር ጋር ስትስማማ ነው ተሸናፊው «ተሸንፌአለሁ» ሊል የሚችለው። ያች ወረቀት ከጠፋች ወይም ከተፋቀች ግን፣ የተፋቀው ቁጥር ብቻ ሳይሆን የዳኛው መታመን ነው።

ለመራጩም ሦስት ጥያቄ ልተውለት። አንድ ተወዳዳሪ ወደ እናንተ በመጣ ጊዜ፣ በመጀመሪያ «ያቀረበህ ፓርቲ ምን ሊሠራ ያስባል፤ ወጪውንስ ከየት ያመጣዋል?» ብላችሁ ጠይቁት። ሁለተኛ፣ «የፓርቲህ ትእዛዝና የእኛ ጥቅም የተጋጩ እንደ ሆነ ወዴት ትቆማለህ?» በሉት። ሦስተኛና ከሁሉ የሚበልጠው ግን፣ «ብትሸነፍ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ማንም አንደበተ ርቱዕ ያማረ መልስ ይሰጣል። ሦስተኛውን ሲሰማ ፊቱ የሚለዋወጥ ሰው ካጋጠማችሁ ግን፣ ያ ሰው የመጣው ሊመረጥ ሳይሆን ሊሾም መሆኑን ዕወቁ።

አድማጮቼ፤ ማሸነፍ ደስ የሚል ነገር ስለ ሆነ የሚያስተምረው አያሻውም። መሸነፍን ግን አገር ሁሉ መማር አለበት። ተሸናፊው ነገ ተመልሶ ሊወዳደር እንደሚችል ሲያምን ጠመንጃ አይፈልግም፤ አሸናፊውም ነገ ሊሸነፍ እንደሚችል ሲያውቅ ዛሬ ግፍ ለመሥራት ይፈራል። ይህ እምነት የሚጸናው በትላልቅ ጉባኤዎች ላይ ብቻ አይደለም፤ በየወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ ለሁሉም እኩል በሚሰጥ መልስና በእውነት በተሞላ መዝገብ ላይ ነው። መዝገቡን የምትሞሉትም እናንተው ናችሁ።